ላዚክስ፣ ተቅማጥና ባለ ሶስት ፍሬው አዚትሮ፦ የአክስቴ ልብ ምን ነካው?

አክስቴ ኩታበር ነው የምትኖረው። 62 አመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት፣ እግሯ ያብጣል ተብሎ ላዚክስ የሚባለውን ሽንት የሚያሸና ክኒን ከጀመረች ሶስት አመት አልፏታል። ባለፈው ጥር ሰርግ ቤት ሰንብታ ስትመለስ ተቅማጥ ያዛት፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሶስት ቀን፣ የምትቀምሰው ነገር አልስማማ አላት፣ ላዚክሷን ግን አንድም ቀን አላሳለፈችም ምክንያቱም መድሃኒት አይቋረጥም ተብላለች፣ እሷ ደግሞ ሀኪም ያለውን እንደ ስለት ነው የምትጠብቀው። በዛ ላይ ጉሮሮዋን እያመማት ታስል ነበርና ጎረቤቷ አዝናላት ባለ ሶስት ፍሬውን አንቲባዮቲክ፣ አዚትሮማይሲን፣ ገዝታ አመጣችላት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጀበናውን ጥዳ ዞር ስትል ተዝለፈለፈች። አይኗ ተገለበጠ፣ እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ነቃች። ቤት የነበሩት ክብሪት ጭረው አሸቷት። የሚጥል በሽታ ነው ያለ ነበር፣ አይን ነው ያለም ነበር፣ እሷ ግን ያለችው አንድ ነገር ነው፣ "ልቤ ድው ድው አለና ጨለመብኝ።"

እኔ ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። ሲደወልልኝ መጀመሪያ የጠየኩት ምን ምን እንደዋጠች ነው፣ ሲነግሩኝ እግሬ ራደ። ወዲያው በኮንትራት ሚኒባስ ይዘዋት መጡ፣ ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት አንዲት ወጣት ሀኪም ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አነሳቻትና ወረቀቱን ይዛ ዝም አለች። ኪውቲ የሚባለው ርዝመት፣ የልብ ታችኛ ክፍል ተነስቶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ 560 ሚሊሰከንድ፣ በጣም የረዘመ። ፖታሺየሟ 2.6፣ በጣም ዝቅ ያለ። ከዛ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው፣ ማግኒዚየም ሰልፌት ሲፈለግ ድንገተኛ ክፍል አልነበረም፣ ነርሷ ሮጣ ከማዋለጃ ክፍል ይዛ መጣች (ለእርግዝና ደም ግፊት ስለሚሰጥ እዛ አይጠፋም)፣ በደም ስሯ ተሰጣት፣ ፖታሺየሙም በግሉኮስ ከረጢት ሳይሆን በሳላይን ተበጥብጦ ቀስ እያለ ገባላት። በሶስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች።

ይሄን የምጽፈው አክስቴ ስለተረፈች አይደለም ብቻ። ያንን አዚትሮ እኔ ጋ መጥተው ቢጠይቁኝ ያኔ እሸጥላቸው ነበር፣ ይሄን ሳስበው እስካሁን ያመኛል። ከዛ ወዲህ ልብ ውስጥ ያሉትን አዮን ቻናሎች ነገር እንደገና ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ኮሌጅ ተምሬው ፈተና አልፌበት የረሳሁትን። እና የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ እኛ አገር ልብ ምት ተዛብቶ ከሚወድቀው ሰው ቀላል የማይባለው ልቡ ስለደከመ ሳይሆን ትንንሽ ነገሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለተደመሩበት ነው፣ ድምሩ ውስጥ ደግሞ ሁሌ የማይጠፋው ፖታሺየም ነው።

በቦይ ልጀምር። ቆቦ አካባቢ ወይ ቦርከና ዳር መስኖ ያየ ሰው ይገባዋል፣ ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ማሳ የሚገባው አፈርና ጭቃ ተደርጎ የተደፈነው አፍ ሲከፈት ነው፣ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ የውሃ አባት ነው። የልብ ሴልም እንደዛ ማሳ ነው። ዙሪያው ሽፋን አለው፣ ሽፋኑ ጨው አያሳልፍም፣ ጨው የሚያልፈው ሽፋኑ ላይ በተተከሉ የፕሮቲን በሮች ብቻ ነው፣ አዮን ቻናል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በሮቹ መራጭ ናቸው፣ የሶዲየም በር ሶዲየም ነው የሚያሳልፈው፣ የፖታሺየም በር ፖታሺየም። ውጪ ሶዲየም ይበዛል፣ በሊትር ወደ 140 ሚሊሞል ነው፣ ውስጥ 10 ገደማ፤ ፖታሺየም ደግሞ በተቃራኒው ውስጥ 140፣ ውጪ 4 ብቻ። ይሄን ልዩነት ጠብቆ የሚያቆየው ሌት ተቀን የሚሰራ ፓምፕ አለ፣ ሶስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሺየም ያስገባል፣ ዴንማርካዊው የንስ ስኮው በ1957 (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አግኝቶት በ1997 ኖቤል የተሸለመበት ነው። ይሄን ፓምፕ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሴሉ ሲያርፍ ውስጡ ከውጪው ጋር ሲነጻጸር 90 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ነው። ትእዛዝ ሲደርሰው የሶዲየም በሮች በአንዴ ይበረገዳሉ፣ ሶዲየም ይጎርፋል፣ አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ኔጌቲቩ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ በሮቹም ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ቀጥሎ የካልሲየም በር ይከፈታል፣ ይሄኛው ረጋ ያለ ነው፣ የሚገባው ካልሲየም ትንሽ ነው ግን ሴሉ ውስጥ ያለውን የካልሲየም ጎተራ ያስከፍታል፣ ከጎተራው የሚፈሰው ነው ጡንቻውን የሚያኮማትረው። ልብ መታ የምንለው ይሄ ነው። ከዛ መመለስ አለበት። መመለሻው ፖታሺየም ነው፣ የፖታሺየም በሮች ተከፍተው ፖታሺየም እየወጣ ሴሉን ወደ 90 ኔጌቲቭ ይመልሰዋል። ጠቅላላው 300 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ በቀን ደግሞ 100,000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል፣ ያለ እረፍት፣ ስንተኛም።

የውሃ አባቱ ማነው? ቀኝ ላይኛው የልብ ክፍል ላይ ያለች ትንሽ የሴሎች ስብስብ ናት። የእነሱ ሴሎች አርፈው አይቀመጡም፣ ሲያርፉ የሚከፈት ለየት ያለ በር አላቸው፣ በ1979 ሲገኝ ባህሪው ግር ስላላቸው አግኚዎቹ አስቂኙ ጅረት ብለው ሰየሙት፣ ስሙ እስካሁን ቀረ። አድሬናሊን ሲመጣ ያ በር ቶሎ ይከፈታል፣ ልብ ይፈጥናል። ጫት የቃመ ሰው ልቡ የሚደልቀውም በዚሁ መንገድ ነው፣ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ነርቮች ያጠራቀሙትን የአድሬናሊን ዘመድ ያስለቅቃል፣ የካልሲየም በሩም ይሰፋል። ልቡ ደህና የሆነ ወጣት ላይ በርጫው ሲበርድ አብሮ ይበርዳል፣ ደም ስሩ የጠበበ ሰው ላይ ግን እንደዛ ቀላል አይደለም። (ቡናን ብዙ ሰው ይፈራል፣ ግን በመጠኑ የሚጠጣ ቡና ልብ ምት ያዛባል የሚለውን ትልልቅ ጥናቶች አልደገፉትም፣ አቦል ቶና በረካ የሚጠጡ እናቶች ተረጋጉ።)

ወደ ፖታሺየም በሩ እንመለስ፣ አክስቴን የጣላት እሱ ነውና።

ልብ ውስጥ የፖታሺየም በር አንድ አይነት ብቻ አይደለም። ለመመለሻው ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፣ ፈጣኑና ዘገምተኛው። የፈጣኑ ስም ሄርግ ይባላል። የስሙ አመጣጥ የዝንብ ታሪክ ነው፣ በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ኤተር ያሸተቷቸው አንዳንድ ዝንቦች እግራቸው እንደ ጭፈራ ሲንቀጠቀጥ አዩና በዛን ጊዜ የጭፈራ ቤት ስም ዘረመሉን ጠሩት፣ የሰው ዘመዱ በ1994 ተገኘ፣ በማግስቱ አመት በ1995 ደግሞ ይሄ በር በዘር ሲበላሽ ሰው በድንገት እንደሚወድቅ ታወቀ። ከዝንብ እግር ተነስቶ ሰው ለምን ድንገት እንደሚሞት ላይ መድረስ፣ ይሄ ነገር እኔን ሁሌ ይገርመኛል።

ሄርግ ከሌሎቹ በሮች የሚለይበት አንድ መጥፎ ነገር አለ። ውስጡ ሰፊ ጓዳ አለው፣ ጓዳው ግድግዳ ላይ ደግሞ መድሃኒቶች የሚጣበቁባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ከልብ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው መድሃኒቶች፣ የአለርጂ፣ የወባ፣ የአእምሮ፣ የፈንገስ፣ የማስመለስ፣ አንቲባዮቲክ፣ እዛ ጓዳ ገብተው ይቀረቀራሉ። በሩ ሲታገድ ሴሉ መመለሻው ይዘገያል። ሲዘገይ ምን ይሆናል? ተዘግተው የነበሩት የካልሲየም በሮች ገና ሴሉ ሳይመለስ እንደገና የመከፈት እድል ያገኛሉ፣ የውሃ አባቱ ሳያዝ ከመሃል የሆነ ማሳ ላይ ውሃ ይለቀቃል፣ አንድ ያልታዘዘ ምት። ያቺ ምት ሌላው ገና ባልተመለሰበት ሰአት ከመጣች ጅረቱ የልቡን ታችኛ ክፍል እየዞረ ይቀራል፣ ልብ በደቂቃ 200 እና ከዛ በላይ ይንዘረዘራል፣ ደም ግን አይረጭም። ፈረንሳዊው ደሰርቴን በ1966 ኢሲጂ ላይ የተጠማዘዘ ጥብጣብ የሚመስለውን ይሄን ቅርጽ አይቶ ቶርሳድ ብሎ ሰየመው። ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ራሱ ይቆማል፣ ሰውየው ይነቃል፣ ምንም አልሆንኩም ይላል። ካልቆመ ግን ክብሪት አያስነሳውም።

አሁን የፖታሺየም ነገር። እዚህ ጋ ብዙ ሰው፣ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ ግር ይለዋል። ደም ውስጥ ፖታሺየም ካነሰ ውስጥና ውጪ ያለው ልዩነት ስለሚሰፋ ፖታሺየም በፍጥነት መውጣት አልነበረበትም? በሂሳብ አዎ። ግን ሄርግ የሚባለው በር ውጪው ላይ ፖታሺየም ሲያንስ ቶሎ ቶሎ ራሱን ይቆልፋል፣ ስለዚህ የሚያልፈው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በዛ ላይ ውጪ ያለው ፖታሺየም ሲያንስ መድሃኒቱም ጓዳው ውስጥ የበለጠ ይጣበቃል። ማለት ተቅማጥና ላዚክስ ፖታሺየሟን አወረዱት፣ የወረደው ፖታሺየም በሩን ግማሽ ዘጋው፣ ከዛ ሌላ ጊዜ ብትወስደው ምንም የማያደርጋት አዚትሮ መጥቶ የቀረውን ዘጋ።

ማግኒዚየም የሚሰጠውም ለዚህ ነው፣ ሁለት ስራ ይሰራል። አንደኛው ልብ ላይ ነው፣ ያቺን ያልታዘዘች ምት ያፍናል። ሁለተኛው ኩላሊት ላይ ነው፣ ኩላሊት ውስጥም የፖታሺየም በር አለ፣ በሩን ከውስጥ ሆኖ ጠበብ አድርጎ የሚይዘው ማግኒዚየም ነው፣ ላዚክስ ማግኒዚየሙንም አብሮ ስለሚያሸና በሩ ይበረገዳል ፖታሺየሙ በሽንት ይፈሳል። ማግኒዚየም ሳይሞላ ፖታሺየም ብቻ ብታፈስበት የሚያፈስ እንስራ መሙላት ነው። ይሄን የሚያውቅ ሀኪም ስላገኘን ነው አክስቴ የተረፈችው።

ሴት መሆኗም ራሱ ድምሩ ውስጥ አለ። የሴቶች ኪውቲ በተፈጥሮ ረዘም ይላል፣ በመድሃኒት ምክንያት ቶርሳድ ከሚይዛቸው ሰዎች ከሶስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች ናቸው። እድሜ አለ። ደም ግፊቱ ልቧን አወፍሮት ከሆነ እሱም አለ። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ልብ ትርፍ አቅም አለው፣ ፈጣኑ በር ቢታገድ ዘገምተኛው ይሸፍናል። ትርፉ ሲያልቅ ነው የሚወድቀው። ለዚህ ነው "እኔ አዚትሮ ስንቴ ወስጃለሁ ምንም አልሆንኩም" የሚል ሰው እውነቱን ነው፣ ግን ለአክስቴ ማስረጃ አይሆንም።

አዚትሮ ሰው ይገድላል ብላችሁ እንዳትሄዱ። በ2012 አሜሪካ ቴነሲ ላይ በብዙ ሺዎች ላይ የተሰራ ጥናት ያገኘው ከሚሊዮን ኮርስ 47 ተጨማሪ የልብ ሞት ነው፣ በጣም ትንሽ ነው። ቀድሞውኑ ልባቸው ለአደጋ የተጋለጡትን ለብቻ ሲያዩ ግን 245 ሆነ። ቁጥሩ የሚነግረን መድሃኒቱ ክፉ መሆኑን ሳይሆን ማን እንደሚውጠው ማየት እንዳለብን ነው። እንደዛ ሳያዩ መሸጥ ምን እንደሚያመጣ አለም አንዴ ቀምሶታል፣ ተርፈናዲን የሚባል የአለርጂ ክኒን ነበር፣ በየፋርማሲው የሚቸበቸብ፣ ከፈንገስ መድሃኒት ከኬቶኮናዞል ጋር ሲወሰድ ጉበት ሊያጣራው ስለማይችል ሄርግን እየዘጋ ሰው መጣል ጀመረ፣ በ1998 አሜሪካ ከገበያ ወጣ። ሲሳፕራይድ የሚባለው የጨጓራ መድሃኒትም በ2000 ተከተለ። ከ2005 ወዲህ አዲስ መድሃኒት ሁሉ ሄርግን ይዘጋ እንደሆን ሳይፈተሽ አይወጣም፣ እኛ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ግን ከዛ በፊት የወጡ ናቸው።

ለምን አሁን ይሄን ማንሳት አስፈለገ ለሚል፣ ወሎ ውስጥ ድምሩን የሚሞሉ ነገሮች በአንድ ዘመን ተደራርበው መጥተዋል። ወባ ተመልሷል፣ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት በአገር ደረጃ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ወባ ሪፖርት ተደርጓል። ቃሉን፣ ሀርቡን፣ ከሚሴን፣ ቆቦን የሚያውቅ ሰው ቆላው ላይ ወባ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ አይነት የሚሰጠው ክሎሮኪን ኪውቲን ያስረዝማል፣ ኩዊኒንም እንደዛው፣ በሶስት ቀን ኮርስ ብቻውን አደጋው ዝቅተኛ ነው፣ ወባ ደግሞ ራሱ ገዳይ ስለሆነ መድሃኒቱን ማንም እንዳይተው። እኔ የምፈራው ከዛው ጋር ሰውየው እያስመለሰው፣ ሳይበላ፣ "ሳሉንም እንዲያጠፋልኝ" ብሎ አዚትሮ ሲጨምርበት ነው።

መድሃኒት የተላመደው ቲቢም አለ። ድሮ ህክምናው ከአመት በላይ ይፈጅ ነበር፣ ለወራት መርፌ ነበረው፣ መርፌው ጆሮ ያደነቁር ነበር፣ አሁን ቤዳኩዊሊን የሚባለው በ2012 የጸደቀው ክኒን መጥቶ ከ2022 ወዲህ የአለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር ብቻ የሚፈጅ የአራት መድሃኒት ህክምና ይመክራል። ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ቤዳኩዊሊንም ከአራቱ አንዱ የሆነው ሞክሲፍሎክሳሲንም ሁለቱም ኪውቲ ይጎትታሉ። ለዛ ነው ታካሚው ኢሲጂ እየተነሳ የሚከታተለው። እኔ ጋ የሚመጣ የቲቢ ታካሚ ስለ ቀላል ነገር ሲጠይቀኝ፣ ስለ ማስመለስ፣ ስለ ፈንገስ ቅባት ሳይሆን ክኒን፣ ከዚህ በኋላ ህክምናውን ወደሚከታተልበት ሳልደውል አልሰጥም።

ሌላኛው የልብ ምት መዛባት ደግሞ ከቶርሳድ ፍጹም የተለየ ነው፣ ግን እኛ ጋ በቁጥር የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል። ልጅ እያሉ ቶንሲል ያማቸዋል፣ ጉሮሮው በፔኒሲሊን መታከም ሲገባው እንጥል ይቆረጣል ወይ ዝም ይባላል፣ ከሳምንታት በኋላ ጉልበት ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ይድናል፣ ይረሳል። ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መከላከያ የልብን ቫልቭ አብሮ ይመታዋል። ከአመታት በኋላ ግራ ቫልቩ ይጠባል፣ ከበላዩ ያለው ክፍል ደም ማሳለፍ አቅቶት እንደ ስልቻ ይለጠጣል። የተለጠጠ ጡንቻ ላይ ጅረቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይበታተናል። መንዙማ ላይ ድቤ መቺው ሲመራ ጭብጨባው ሁሉ ይከተለዋል አይደል፣ መቺውን ማንም ሳይሰማ እያንዳንዱ በየራሱ ቢያጨበጭብ የሚሰማው ጩኸት ነው። የላይኛው ክፍል በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ ይርገበገባል፣ መሃል ላይ ያለው በረኛ ከዛ የተወሰነውን ብቻ ወደ ታች ያሳልፋል፣ ለዛ ነው እጅ አንጓ ላይ ሲዳሰስ ምቱ ምንም ስርአት የሌለው።

እዚህም ላይ አዮን ቻናሎች እጃቸው አለበት። በ1995 ኔዘርላንድ ማስትሪክት ላይ ተመራማሪዎች የፍየሎችን ልብ በመሳሪያ ደጋግመው እንዲርገበገብ አደረጉት፣ መጀመሪያ ላይ በሰከንዶች ይቆም የነበረው ከቀናትና ሳምንታት በኋላ አልቆምም አለ። ሴሎቹ ካልሲየም እንዳያጥለቀልቃቸው የካልሲየም በሮቻቸውን ቀንሰው ነበር፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ምት አጠረ፣ ያጠረ ምት ደግሞ ቶሎ ለሚቀጥለው ዝግጁ ነው፣ መርገብገቡን ራሱ መርገብገቡ መገበው። ለዚህ ነው ቶሎ መያዝ የሚያስፈልገው።

የዚህ ሰው ትልቁ አደጋ የረጋ ደም ነው፣ ከማይኮማተረው ክፍል ተነስቶ ጭንቅላት ላይ ይሰካና ስትሮክ ይሆናል፣ እኛ ጋ የ30 አመት እናት ግማሽ አካሏ ሲሰንፍ ቡዳ በላት ወይ ነፋስ መታት የሚባለው ውስጥ ይሄ አለበት። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይሰጣል። አስቸጋሪ መድሃኒት ነው፣ ደም በየጊዜው መመርመር ይፈልጋል፣ ከአምባሰል ወይ ከደላንታ ለአንድ ምርመራ ደሴ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ የሚመላለስ ያውቀዋል። አዲሶቹ ምርመራ የማይፈልጉት ይሻላሉ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር፣ ግን በ2022 በብዙ ታዳጊ አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ (ይሄው ከጉሮሮ የሚነሳው የቫልቭ በሽታ) ታካሚዎች ላይ የተሰራው ትልቅ ጥናት ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ያነሰ ሞት እንዳላቸው አሳየ። ስለዚህ "አዲሱ ይሻላል" ብሎ ከውጪ የሚላክለት ዘመድ ያለው ሰው ሀኪሙን ሳያማክር እንዳይቀይር እለምናለሁ።

ከዋርፋሪኑ ጋር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድሃኒት ነው። አሁን ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ፓምፕ መጣ። ዲጎክሲን ፓምፑን በከፊል ያቆመዋል፣ እንግሊዛዊው ዊዘሪንግ በ1785 ስለ ዘመዱ ተክል የጻፈበት ጥንታዊ መድሃኒት ነው፣ እኛም አገር ምረንዝ የሚባለው ዛፍ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ድሮ ቀስት ይቀባ የነበረው፣ ይሄንኑ ፓምፕ ነው የሚያቆመው። ዲጎክሲንና ፖታሺየም ፓምፑ ላይ ለአንድ ቦታ ይጋፋሉ። ፖታሺየም ሲያንስ ዲጎክሲን ቦታውን ብቻውን ይይዛል፣ በዛው መጠን፣ በዛው ክኒን፣ ሰውየው ይመረዛል። ምግብ ያስጠላዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እይታው ቢጫ ይሆንበታል፣ ምቱ ይዛባል። ያስመለሰው ሰው ደግሞ ፖታሺየም ይበልጥ ያጣል። ላዚክስና ዲጎክሲን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ቤቱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም፣ በዚህ ነገር እኔ በጣም ነው የምጨክነው።

በዘር የሚመጣውንም ልንካው። ከ2,000 ሰው አንዱ ገደማ ከእነዚህ በሮች አንዱ ከውልደቱ የተበላሸ ነው። አንዳንዱ ሲሮጥ ወይ ሲዋኝ ነው የሚወድቀው፣ አንዳንዱ በድንገተኛ ድምጽ፣ ስልክ ሲጮህ፣ አንዳንዱ ተኝቶ። ዘገምተኛው የፖታሺየም በር ጆሮ ውስጥም ስለሚሰራ ከሁለቱም ወላጅ የተበላሸውን የወረሰ ልጅ መስማትም አይችልም፣ ኖርዌይ ውስጥ በ1957 መጀመሪያ የተጻፈው እንዲህ አይነት ቤተሰብ ነው። ከተወለደ የማይሰማ ልጅ ሲሮጥ ሲደነግጥ ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ወይ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ካለ፣ ጸበሉም ይቀጥል ዱዓውም ይቀጥል፣ ኢሲጂ ግን ይነሳ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው ርካሽ ክኒን ብዙዎቹን ይጠብቃቸዋል።

ኢሲጂ በእኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ብዙ የጤና ተቋም ተዘርፎ ማሽኑ ሁሉ ሄዶ ነበር፣ አሁን ቀስ እያለ ተመልሷል፣ ግን ማሽኑ ኖሮ ወረቀት ያለቀበት ቦታ አይቻለሁ፣ ወረቀቱም ማሽኑም ኖሮ ኪውቲውን የሚለካ ሰው ያጣም አይቻለሁ። መለኪያው ከባድ አይደለም። ትንሿ ካሬ 40 ሚሊሰከንድ ናት፣ ትልቋ 200። ለአይን ግምት ደግሞ ልቡ በተለመደው ፍጥነት እየመታ ከሆነ ኪውቲው በሁለት ምቶች መሃል ካለው ርቀት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ከ500 በላይ ከሆነ ማንም ሰው ወደ ቤቱ መላክ የለበትም።

በእኔ በኩል የቀየርኩት ይሄ ነው። አዚትሮ፣ ኤሪትሮ፣ ሲፕሮ፣ ፍሉኮናዞል፣ ሃሎፔሪዶል ከመስጠቴ በፊት ላዚክስ ወይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን ሌላ ሽንት የሚያሸና ይወስዱ እንደሆን፣ ተቅማጥ ወይ ትውከት አለ እንደሆን፣ ከዚህ በፊት ራስ መሳት እንደነበር እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይናደዳል፣ ጥርጣሬ ይመስለዋል፣ ጎረቤት ፋርማሲ ሄዶ ይገዛል። አንዳንዱ ግን ቆሞ ያወራኛል። ተቅማጥ ላለባቸው ኦአርኤስ እሰጣለሁ፣ ብዙ ሰው ጨውና ስኳር ብቻ ይመስለዋል፣ አንድ ሊትሩ ውስጥ 1.5 ግራም ፖታሺየም ክሎራይድ አለው፣ ቤት ውስጥ በጨውና በስኳር የሚበጠበጠው ይሄ የለውም። የሚበላ ሰው ድንች፣ ባቄላ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ፖታሺየም አላቸው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ተቃራኒው ነው፣ ፖታሺየም ይጠራቀምበታል፣ የበዛ ፖታሺየምም ልብ ያቆማል፣ ለእሱ ሙዝ ብላ ማለት ልክ አይደለም።

አክስቴ አሁን ላዚክሷ ተቀንሶ ፖታሺየም የሚያስቀር ሌላ ሽንት የሚያሸና ተጨምሮላታል። በየሶስት ወሩ ፖታሺየሟን ትለካለች። የዛን ቀኑን ኢሲጂና ከወር በኋላ የተነሳውን፣ 440 የሚለውን፣ ሁለቱንም አጣጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር ፌስታል ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው፣ ጀርባው ላይ የማትወስዳቸውን መድሃኒቶች ስም በአማርኛ ጽፌላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዋን ሲያማት ጎረቤቷ እንደገና ያቺኑ ባለ ሶስት ፍሬ ይዛላት መጣች፣ አክስቴ ማንበብ አትችልም፣ ወረቀቱንና ፓኮውን ጎን ለጎን አድርጋ የሰፈር ተማሪ ጠርታ አስነበበችው፣ ከዛ ደወለችልኝ።